ጭራው ከታች ይሁን

ጥቅምት 4

## ቅንብር፦ ጠርዝ 4፤ መስመር 80፤ ፊደል መደበኛ ##

ለተከበሩ አጎቴ፣ ለጋሼ፤

እንደምን ሰነበቱ? ወገብዎ እንዴት ነው? ጤናዎን አብዝቶ ይስጥልኝ። እኔ ደህና ነኝ። ብርዱ ገና አልጀመረም፤ ሥራው ግን ጀምሯል።

የምሥራች አለኝ። እርስዎ ለፍርድ ቤቱ ጸሐፊዎች የሠሩትን የመጻፊያ ፕሮግራም፣ ኤዲተሩን፣ ለኃላፊዬ አሳየሁት። እዚህ መሥሪያ ቤት ለእይታ ብቻ የተቀመጠ አንድ አሮጌ ኮምፒውተር አለ፤ እሱ ላይ ጫንኩና "ይጻፉበት" አልኩት። ቆሞ ጀመረ፣ ወንበር ስቦ ጨረሰ። እንዲህ የሚፈጥን ነገር እንዲህ ያለ ማሽን ላይ አይቶ አያውቅም። አቅም ለሌላቸው ቢሮዎች ሊያከፋፍሉት ይፈልጋሉ፤ የእርስዎ ስምም ከፊት ገጹ ላይ ይሰፍራል። ከዚያ በፊት ግን ኮዱን መስመር በመስመር ያነባሉ። ያነበቡት ካልጣማቸው ይተዉታል። ጥር ላይ ይወስናሉ።

አንድ ነገር ላስፈቅድዎ። በያንዳንዱ የኮድ ፋይል መጨረሻ ላይ እናንተ "ጭራ" የምትሏት መስመር አለች። ፋይሉ ሲከፈት ጠርዙ በስንት ፊደል እንደሚገባ፣ መስመሩ የት እንደሚታጠፍ፣ በየትኛው የፊደል ኮድ እንደሚነበብ ለኤዲተሩ የምትነግረው እሷ ናት። ይህን ለማወቅ ግን ኤዲተሩ መጀመሪያ እስከ ታች ድረስ መውረድ አለበት። እንግዳን አስተናግደው፣ ሸኝተው፣ በር ላይ ሲደርስ "ጫማህን አውልቅ" እንደማለት ነው። ወደ ላይ ላውጣት፤ የመጀመሪያው መስመር ላይ፤ ይህን ደብዳቤ እንዳደረግሁት።

እናቴን ሳሙልኝ። በደወልኩ ቁጥር "ችሎት ልገባ ነው" ትለኛለች። ችሎቱ የሚጀመረው እኔ ስደውል ነው መሰለኝ።

አክባሪዎ፣ የእህትዎ ልጅ


ጥቅምት 19

ለእህቴ ልጅ፣ ለችኩሌ፤

እንደምን ከረምሽ? የሄድሽበት ይቅናሽ፣ የያዝሽው ይሙላልሽ፣ ክፉ ዓይን አይይብሽ። ወገቤን ጠይቀሻል፤ እንደ ወንበሬ ነው፤ ይንቋቋል እንጂ አልወደቀም።

ደብዳቤሽን ስከፍት መጀመሪያ ያነበብኩት "ጠርዝ 4፤ መስመር 80" የሚል ነው። ሰው አጎቱን ሰላም ሳይል ስለ ጠርዝ ያወራል? እንዲህ ነው የሚሆነው፤ ፋይል በከፈትሽ ቁጥር ቅንብሩ እንደ ዘበኛ በር ላይ ቆሞ ያፈጥብሻል። ሰው ፋይል የሚከፍተው ውስጡ ያለውን ሊያነብ ነው።

ጭራው ከታች ይሁን። ምክንያቱን ለአንቺ መንገር ማፈሪያ ነው፤ በዚህ ጠረጴዛ ሥር እየተንከባለልሽ ያደግሽ ልጅ ነሽ። የኔትወርክ መስመራችንም እንደምታውቂው ነው። ደብዳቤውም ኮዱም የሚሄደው የሚመጣው በዚያችው እኔ በሠራኋት ላኪ ፕሮግራም ነው። አንቀጽ በአንቀጽ ትልካለች፤ ባዶ መስመር ስታገኝ ትንፋሽ ትወስዳለች፤ ኔትወርኩ ከሄደ የደረሰው ደርሶ የቀረው ይቀራል።

ስሜን ከፊት ገጹ ላይ ስለማውጣት ያልሽው ደስ ብሎኛል። እዚህ ጸሐፊዎቹ "ጠጋኙ፣ ጠጋኙ" ሲሉኝ ስለሚውሉ ስሜን እኔም ረስቼው ነበር።

እናትሽ ሦስተኛ ችሎት በጸሐፊነት ተመድባለች። ያ የፈነዳው የፋብሪካ ቦይለር ክስ እዚያ ነው የሚታየው። የድምፅ መቅረጫው ከተበላሸ ቆይቷል፤ ምስክር ሲናገር እየሰማች በቀጥታ ነው የምትጽፈው። መብራት እንደ ልማዱ ይሄዳል፣ ይመጣል። ኤዲተሩ በየደቂቃው በራሱ ስለሚያስቀምጥላት ግን ጣቷን አታነሳም። ሰላም ብላሻለች። ችሎት ልትገባ ስትል ነው ያለችኝ።

ጠጋኙ አጎትሽ

## ቅንብር፦ ጠርዝ 4፤ መስመር 80፤ ፊደል መደበኛ ##


ጥቅምት 23

ለጋሼ፤

ሰላምዎ ይብዛ፤ ወገብዎን ይማርልኝ። ሲቆጡ እንኳ ያስቃሉ። ኃላፊዬ ግን አይስቅም።

ነገሩ ተለውጧል። ከላይም ከታችም አይሆንም አሉ። ቅንብር የአንድ ፋይል ጉዳይ አይደለም፣ ፋይሎቹ ሁሉ የሚቀመጡበት የአቃፊው ነው፤ አንድ የቅንብር ፋይል አቃፊው ውስጥ ይቀመጥና ሁሉም ከእሱ ይታዘዝ ነው የሚሉት። እውነት አላቸው። አሁን ጠርዙን ከአራት ወደ ስምንት ልለውጥ ብል ኮዱ ውስጥ ያለውን ፋይል ሁሉ አንድ በአንድ መክፈት አለብኝ። አንዱን ከረሳሁ እሱ ብቻ እንደ ተኮራረፈ ልጅ ለብቻው ይቀመጣል።

ደግሞ የመመሪያውን ፋይል ያስታውሱ። ጭራ እንዴት እንደሚጻፍ ለጸሐፊዎቹ ሊያሳዩ መጨረሻው ላይ ምሳሌ ጻፉ። ኤዲተሩ ምሳሌውን እውነት መስሎት ታዘዘ፤ መመሪያው በሙሉ በአሥር ፊደል ስፋት እየታጠፈ እንደ ቀበቶ ቁልቁል ወረደ። እናቴ እስካሁን ትስቅብዎታለች።

"ምክንያቱን ለአንቺ መንገር ማፈሪያ ነው" ብለዋል። እኔ የማውቀው ምክንያት የለም፣ ጋሼ። ልማድ ይመስለኛል። ልማድ ደግሞ እዚህ ስብሰባ ላይ አቅርቤ የማስረዳው ነገር አይደለም። የስብሰባው ክፍል መስታወት ነው፤ ሰው ሲደናገረው ከኮሪደሩ ይታያል።

እስከ ኅዳር አጋማሽ ሠርቼ እልክልዎታለሁ። ሌላው ቢቀር ጭነው ይሞክሩልኝ።

አክባሪዎ፣ የእህትዎ ልጅ


ኅዳር 11

ለእህቴ ልጅ፤

ጤናሽ ይጠበቅ፤ እንጀራሽ አይጉደል። መልሴ የዘገየው አስቤበት ነው። ባልዘገይ የምጽፈው ሌላ ነበር።

ልማድ ነው ብለሻል። እሺ፣ ልማድ ነው።

ስለ አቃፊው ግን አንድ ነገር ልበል። እዚህ አቃፊ የሚያንቀሳቅስ ሰው የለም። የሁለተኛ ችሎቷ ጸሐፊ ፋይል ስትፈልግ አንዱን በፍላሽ ይዛ ደረጃውን ትወርዳለች። አቃፊው እኔ ጋ ይቀራል፣ ቅንብሩም ከአቃፊው ጋር ይቀራል፣ እሷም ታች ከፍታ "ጠጋኙ፣ ፊደሉ ሁሉ አራት ማዕዘን ሆነብኝ" ብላ ትጮኻለች። ኮቱን ጥዬ ኪሱን ይዤ ልሂድ ነው የምትይኝ? ቅንብር ፋይሉ ውስጥ ካለ ፋይሉ በሄደበት ይሄዳል። ይህም ልማድ ከሆነ ልማድ በይው።

ኃላፊሽ እኔን አልቀጠረኝም። አንቺን ቀጥሮሻል፤ ገባኝ። እንግዲያው ላኪው። እንደ ሠራሽው እጭነዋለሁ፤ አንድ ፊደል አልነካም። ኋላ "ጠጋኙ ነካክቶ አበላሸው" እንዳትይ።

የቦይለሩ ክስ በዚህ ወር ዋናው ምስክር ይሰማበታል። ቦይለሩ አጠገብ ይሠራ የነበረ ሰው ነው፤ መርከብ ላይ ተቀጥሯል፣ ቃሉን እንደ ሰጠ ይሄዳል። እናትሽ ይህን ክስ እንደ ራሷ ጉዳይ ይዛዋለች። ከሞቱት መሃል አንደኛው ከጎረቤት ነበር።

ጠጋኙ አጎትሽ

## ቅንብር፦ ጠርዝ 4፤ መስመር 80፤ ፊደል መደበኛ ##


ኅዳር 15

ለጋሼ፤

እንደምን አሉ? እግዚአብሔር ያበርታዎ። ኮዱን በጋራ ማከማቻችን፣ በቋቱ ላይ አስቀምጫለሁ፤ ሲመችዎ በዚያችው በላኪዎ ፕሮግራም ያውርዱት።

ጭራውን ሁሉ ቆርጬአለሁ። ቅንብሩ አሁን አቃፊው ውስጥ አንድ ፋይል ነው። እግረ መንገዴንም ያረጁ ማስታወሻዎችን አውጥቻለሁ። ፋይሎቹ ከበፊቱ ቢያንሱ አይግረምዎት። እዚህ ሞክሬዋለሁ፤ ምንም አላስቸገረኝም።

እባክዎ አንድ ነገር ይተባበሩኝ። እዚያ ቢሮ በሥራ ላይ መዋሉን የሚገልጽ ሁለት መስመር ቃል ይጻፉልኝ። ኃላፊዬ ከዚያ በኋላ የሚጠይቀው ነገር የለም። ይህ ነገር ካለቀ እኔም የውል ሠራተኛ መሆኔ ያበቃል፤ ቋሚ ያደርጉኛል። አልነገርኩዎትም ነበር።

አክባሪዎ፣ የእህትዎ ልጅ


ኅዳር 29

ለእህቴ ልጅ፤

ሰላምሽ ይብዛ፤ ያሰብሽው ይሳካ። ኮድሽን አውርጄ እንደ ላክሽው ጭኜዋለሁ። ይከፈታል፣ ይጻፍበታል፣ ያትማል። ከበፊቱ ይፈጥናል፤ እውነቱን ለመናገር አልሰስትም። ለኃላፊሽ ቃል ጠይቀሻል፤ ይኸው፦ በፍርድ ቤቱ ሦስቱም ችሎቶች በሥራ ላይ ውሏል።

የመብራቱ ነገር ብሷል። ባለፈው ሳምንት ሦስተኛ ችሎት ምስክሩ እየተሰማ ሳለ ሕንፃው በሙሉ ጨለመ።

እናትሽ "ደህና ናት በላት" ብላኛለች።


ታኅሣሥ 3

ለጋሼ፤

ጤና ይስጥልኝ። ደብዳቤዎ ደረሰኝ፤ ቃሉንም ለኃላፊዬ አሳይቻለሁ፤ አመስግኗል።

ግን ስምዎን እንኳ ሳይጽፉ ዘጉት። ስንብት የለ፣ ስም የለ፣ ጭራ የለ። ገባኝ። "ጭራዬን ከቆረጥሽ ያለ ጭራ እጽፍልሻለሁ" ማለትዎ ነው። ዕድሜዎ ከልጅ ጋር እልህ የሚጋቡበት አይደለም፣ ጋሼ። ኮዱ ሠርቷል። ራስዎ ነዎት ይፈጥናል ያሉት።

እናቴ ደህና በመሆኗ ደስ ብሎኛል። ስልኬን ግን አታነሳም። ቤት ስደውል ይጠራል ይጠራል፣ ይዘጋል። እርስዎ ነዎት ያሳደሙብኝ? ለአንዲት መስመር ቦታ ተብሎ እናትና ልጅ ይኮራረፋሉ?

ይሁን፤ እናንተ አኩርፉ። እኔ ሥራዬን እሠራለሁ። ጥር ላይ ስምዎ የፊት ገጹ ላይ ሲወጣ እንነጋገራለን።

የእህትዎ ልጅ


ታኅሣሥ 19

ለፕሮግራም ሠሪዋ፤

ሳልመርቅሽ ስጽፍ ይህ የመጀመሪያዬ ነው።

እናትሽ ከሥራ ታግዳ ቤት ተቀምጣለች ብዬ ጽፌልሽ፣ "ደህና በመሆኗ ደስ ብሎኛል" ብለሽ መለስሽ። ደብዳቤሽን ለእሷ አላሳየሁም። እሷ ግን "ምን አለች?" ብላ ጠየቀችኝ፤ እኔም "ሥራ በዝቶባታል" አልኳት።

ምናልባት ሥራ በዝቶብሽ አላነበብሽው እንደሆነ ልድገመው። መብራት ሲሄድ ምስክሩ ከጠዋት ጀምሮ እየተናገረ ነበር። መብራት ሲመለስ ፋይሉ ባዶ ነው። አንድ ቃል የለም። እናትሽ "ይመጣል፣ ራሱ ያስቀምጣል" እያለች ዳኛው ፊት ቁልፎቹን ስትመታ ቆየች። አልመጣም። ምስክሩ በማግስቱ መርከቡ ላይ ወጥቷል። የሟቾቹ ቤተሰቦች ጠበቃ ተነስቶ "ይህ ቃል የሚጎዳው የፋብሪካውን ባለቤት ብቻ ነው፤ እንዴት ይህ ብቻ ተለይቶ ጠፋ?" አለ። ጸሐፊዋ ተከፍሏት ነው ማለቱ ነው። ሁሉም ወደ እናትሽ ዞረ።

ጎረቤቶቻችን ቤት ለቅሶ የተቀመጠች ሴት ናት። አሁን በመንገድ ሲያገኟት ፊታቸውን ያዞራሉ።

የዲሲፕሊን ኮሚቴው "ለምን በእጅሽ አላስቀመጥሽም?" ይላታል። ይህን ያህል ዓመት በራሱ ሲያስቀምጥላት ኖሮ ምን ብላ ታስቀምጥ? እኔ የምልሽ አጭር ነው። አዲሱ ኤዲተር እንዳላስቀመጠ የሚገልጽ ፊርማና ማኅተም ያለበት ወረቀት ላኪ። ኮሚቴው ጥር 10 ይቀመጣል።

አጎትሽ

## ቅንብር፦ ጠርዝ 4፤ መስመር 80፤ ፊደል መደበኛ ##


ታኅሣሥ 20

ጋሼ፤

ሰላምታውን ለሌላ ጊዜ ያቆዩልኝ። እንዲህ ያለ ደብዳቤ አልደረሰኝም። እኔ ጋ የመጣው "ደህና ናት በላት ብላኛለች" በሚለው ያበቃል። ከዚያ በታች ባዶ ነው። አሁንም ከፍቼ እያየሁት ነው። አንቀጽ በአንቀጽ ትልካለች ብለውኝ ነበር፤ ባዶ መስመር ላይ ተቆርጧል። መሃል ቃል ላይ ቢቆረጥ አውቅ ነበር፤ በደህና ያለቀ መሰለኝ። ስምዎንና ጭራውን ሳጣም ቂም መሰለኝ።

አሁን ገባኝ ጭራው ለምን ከታች እንደሆነ።

እባክዎ "ማስቀመጫ" የሚለውን የኮድ ፋይል እዚያ ይክፈቱና መጨረሻው ምን እንደሚል ይጻፉልኝ። እኔ ጋ ያለው መጀመሪያ "በእጅ ማስቀመጥ" አለ፣ ቀጥሎ "በራስ ማስቀመጥ" አለ። ኤዲተሩ ያገኘውን አንብቦ ይሠራል፤ ያላገኘውን የት ሄደ ብሎ አይጠይቅም። ሁለተኛው ካልደረሰ ምንም ስሕተት ሳያሳይ ይከፈታል፣ ይጻፍበታል፣ ያትማል።

አንድ ጥያቄ ደግሞ አለኝ፤ ሳልጠይቅ መቀጠል አልችልም። ጎደሎ ፋይል በማየት ዕድሜዎን የፈጁ ሰው ነዎት። "አንድ ፊደል አልነካም" ብለው ጻፉልኝ። አውቀው ነው የጫኑት? እኔ ስወድቅ ለማየት?

የእህትዎ ልጅ


ታኅሣሥ 26

ለእህቴ ልጅ፤

ጤናሽን ይስጥሽ።

"በእጅ ማስቀመጥ" ላይ ያበቃል። ከዚያ በታች ምንም የለም።

ጥያቄሽን ሳነብ ተነስቼ ወጣሁ። ግቢውን ዞሬ ስመለስ ስክሪኑ ላይ እንዳለ ጠበቀኝ። ስለዚህ እመልሳለሁ።

ፋይሉ ማነሱን አይቻለሁ። "ቢያንሱ አይግረምዎት" ብለሽ ነበር፤ አልገረመኝም። ድሮ ቢሆን መጠኑን አላይም፤ ቀጥታ ወደ ታች እወርዳለሁ። ጭራ ካለ ፋይሉ ሙሉ ነው፤ ከሌለ እንደገና አስልካለሁ። ይህን አንቺ ታውቂያለሽ ብዬ ነበር። ለካ ጠረጴዛ ሥር ሆነሽ የምታዪው እግራችንን ብቻ ነው። አሁን ጭራ ቀረ ተባለ፤ ታች ወርጄ ምኑን ልይ? ከፍቼ ማንበብ እችል ነበር። አላነበብኩም። አልነካም ብዬ ነበራ።

ይበላሽ ብዬ አልጫንኩም። ሊበላሽ እንደሚችል ግን አስቤያለሁ፤ ትንሽ ቢበላሽ ደስ እንደሚለኝም። ጠርዙ ይዛነፋል፣ ፊደሉ ይንጋደዳል፣ አንቺም "ጋሼ ልክ ነበሩ" ትያለሽ ብዬ። የሚበላሽበት ወንበር ላይ ማን እንደምትቀመጥ አላሰብኩም።

አሁን ስለ ወረቀቱ። ጥፋቱ የእኔ ነው ብዬ እፈርማለሁ፤ ጡረታዬ ቀርቧል፣ የሚወስዱብኝ ብዙ የለም። ግን ኮሚቴው "ወንድሟ አይደለህም እንዴ?" ብሎ ይስቃል። የአንቺ መሥሪያ ቤት ማኅተም ያለበትን ግን አይስቅበትም። ያንን ለማግኘት ደግሞ ለኃላፊሽ መንገር አለብሽ። ምን እንደሚል የምታውቂው አንቺ ነሽ።

ባለፈው ላኪ ብዬሻለሁ፤ ያኔ የውሉን ነገር ረስቼው ነበር። አሁን አላዝም፣ አልለምንም። እናትሽም እንዳልለምንሽ አስምላኛለች። "ልጄን ከሥራዋ ካስወጣህ እኔም ወደ ሥራዬ አልመለስም" ብላለች። እሷ እንደምታውቂያት ናት።

ጠጋኙ አጎትሽ

## ቅንብር፦ ጠርዝ 4፤ መስመር 80፤ ፊደል መደበኛ ##


ጥር 6

## ቅንብር፦ ጠርዝ 4፤ መስመር 80፤ ፊደል መደበኛ ##

ለተከበሩ አጎቴ፣ ለጋሼ፤

ሰላም ለቤታችሁ ይሁን። ደብዳቤው ዘግይቷል። የዘገየው መንገድ ላይ አይደለም፣ እኔ ጋ ነው። ወረቀቱን ጽፌ ጨርሼ ሳላሳየው ሰነበትኩ። ጠዋት ቢሮ ስገባ ከፍቼ አየዋለሁ፣ ማታ ስወጣ እዘጋዋለሁ። ኃላፊዬ በኮሪደር ሲያልፍ በመስታወቱ አሻግሮ ፈገግ ይልልኛል። ስለ ቋሚነቴ ደብዳቤ እያረቀቀ ነበር።

ትናንት ገባሁና ጠረጴዛው ላይ አኖርኩት። አነበበው።

"ይህን ከፈረምን" አለኝ፣ "የፍርድ ቤት ቃል ያጠፋ ነገር ልናከፋፍል ነበር ማለታችን ነው።"

"አዎ" አልኩት።

"ይህን ሌላ ማን ያውቃል?"

"እናቴ" አልኩት።

ወረቀቱን መልሶ ከላይ እስከ ታች አነበበው። ከዚያ ፈረመ፤ ማኅተሙን ግን እኔው እንዳደርግ ወደ እኔ ገፋው። ኤዲተሩን አይወስዱትም። ውሌም መጋቢት ላይ ሲያልቅ ያልቃል፤ ይህን እንኳ በደህና ቃል ነው የነገረኝ። ወረቀቱን ዛሬ በፈጣን ፖስታ ልኬዋለሁ። ሁለቱንም ፋይሎች፣ ሙሉውንና የተቆረጠውን፣ ጎን ለጎን አትሜ አያይዣለሁ። ማየት ለሚችል ሰው ልዩነቱ ይታያል።

አሁን ስለ ጭራው። እርስዎ አንዲት መስመር ሁለት ሥራ አሠሯት፤ የነገሩኝ ግን አንዱን ብቻ ነው። ቅንብር መናገር አንድ ሥራ ነው፤ ፋይሉ ሙሉ ነው ብሎ መመስከር ሌላ። ለያየኋቸው። ቅንብሩ ፋይሉ ውስጥ ይቆያል፤ ብቻውን ስለሚሄድ ፋይል ያሉት እውነት ነው። ግን ከላይ ነው የሚቀመጠው፤ እዚህ ላይ አልሸነፍም። ከታች የሚቀረው አንድ ቃል ብቻ ነው። ኤዲተሩ ያንን ቃል ካላገኘ ፋይሉ ጎደሎ ነው ብሎ ጮኾ ያስታውቃል፤ አንብቦም አይጭነውም። ላኪዋም ካላየችው "ተልኳል" አትልም። ይህ ለደብዳቤዎቻችንም ይሠራል።

አዲሱን ኮድ ልኬያለሁ። ይንኩት፣ ጋሼ። ከመጫንዎ በፊት ከፍተው ያንብቡት፤ ያልወደዱትን ይለውጡት።

እናቴ አሁንም አታነሳም።

አክባሪዎ፣ የእህትዎ ልጅ

## አለቀ ##


ጥር 19

## ቅንብር፦ ጠርዝ 4፤ መስመር 80፤ ፊደል መደበኛ ##

ለእህቴ ልጅ፣ ለችኩሌ፤

የዘጉብሽ በር ሌላ ይክፈትልሽ፤ የያዝሽው ይባረክ፤ ጤናና ዕድሜ አይለይሽ። ሳልመርቅሽ የጻፍኩትን ደብዳቤ ምርቃትም እዚህ ላይ ደምሬልሻለሁ።

ወረቀትሽ በጊዜው ደርሷል። ሰብሳቢው ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበውና መነጽሩን አውልቆ "ስለዚህ ጥፋተኛው ኮምፒውተሩ ነው?" አለ። "አይደለም" አልኩት፤ "ሳላነብ የጫንኩት እኔ ነኝ።" ሁለቱን ህትመቶች ጎን ለጎን ዘረጋሁለት። "እና የቱ ነው ጎደሎው?" አለኝ። አጭሩን አሳየሁት። "ይሄማ በደንብ ያለቀ ይመስላል" አለ። "ችግሩ እሱ ነው" አልኩት።

ለእኔ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ሰጥተውኛል፤ ጠረጴዛዬ ላይ የአሮጌ ስክሪን ጀርባ ደግፌበታለሁ። እናትሽ እገዳዋ ተነስቷል። ሦስተኛ ችሎት ግን አልመለሷትም፤ ወንበሩን ሌላ ሰው ይዞታል። ምድር ቤት፣ መዝገብ ማባዣ ክፍል መድበዋታል። የምስክሩ ነገር መርከቡ እስኪመለስ ይጠብቃል፤ ክሱ ለክረምት ተቀጥሯል። የቤተሰቦቹ ጠበቃ ይቅርታ አልጠየቃትም። ኮሪደር ላይ ግን ቀድሞ እጅ ነሳት።

ኮድሽን አነበብኩት። ሁለት ቦታ ነክቼዋለሁ፤ ብትቆጪ ተቆጪ። ቅንብሩን ከላይ ትቼዋለሁ። አልወደድኩትም፤ ግን ይሁን። ይህን ደብዳቤ ስጽፍ እንኳ ሰላም ሳልልሽ ስለ ጠርዝ ጀመርኩ።

ከዚህ በታች የምትጽፈው እናትሽ ናት።

ጠጋኙ አጎትሽ

እኔ ነኝ። አጎትሽ ወንበሩን ለቆልኛል፤ እውነትም ይንቋቋል።

ሰውየው ያን ቀን የተናገረውን እስከ ሳሉ አስታውሰዋለሁ። ፍርድ ቤቱ ግን በጄ የጻፍኩትን እንጂ በራሴ የያዝኩትን አይቀበልም። ስለዚህ መርከቡን እጠብቃለሁ። ሲመለስ ሦስተኛ ችሎት ካላስገቡኝ በር ላይ ቆሜ እሰማዋለሁ።

ላይ ይሁን ታች ይሁን ስትባባሉ ሁለታችሁም እኔን አልጠየቃችሁኝም። ጸሐፊ ሲጽፍ የላይኛውን መስመር አያየውም፤ ወጥቶ ሄዷል። የሚያየው ጣቱ ሥር ያለውን ነው።

ስልክ ያላነሳሁት ተቆጥቼ ነው። ወረቀትሽን ካነበብኩ ወዲህ ደግሞ የተቆጣሁት በሌላ ነው፤ ሥራሽን ስላጣሽ። ሁለቱም ገና አልለቀቁኝም። እሑድ ደውዪ፤ አነሳለሁ። ስለ ፋይል አንድ ቃል ከተነፈስሽ ግን እዘጋዋለሁ።

መጨረሻው ላይ ይህን ካልጻፍሽ አይላክም አለኝ። ይኸው።

## አለቀ ##